ባልዲ የማይዘው ሰው፦ እሳት ሲነሳ ሰውን የመምራት መላ

በየሰፈራችን ቤት ሲቃጠል የጎደለን ውሃ ነው እንላለን። ውሃም ይጎድላል፤ ከውሃው አስቀድሞ የሚጎድለው ግን አዛዥ ነው። እሪታው እንደተሰማ ሰው ሁሉ ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ይሮጣል። አንዱ በር ይሰብራል፣ አንዱ ሣጥን ያወጣል፣ አንዱ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ የቀረው ይጮኻል። ሃምሳ ሰው ተሰብስቦ የአሥር ሰው ሥራ ሳይሠራ ቤቱ አመድ ይሆናል። የእሳት አደጋ ሙያተኞች ዕድሜያቸውን በሥራው ከጨረሱ በኋላ ስለ ቱቦና ስለ ፓምፕ ጥቂት፣ ስለ ሰው ግን ብዙ የሚያወሩት ለዚህ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለዓለም ከተማና ለዙሪያዋ ቀበሌዎች የዕድር ዳኞች፣ የቀበሌ ሊቃነ መናብርት፣ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን፣ የገበያ ጥበቃ ኃላፊዎች፣ ባጭሩ በዚያች ሰዓት ሰው ዞሮ «ምን እናድርግ?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ነው። አገሩን ያውቁታል። መርሐ ቤቴ ጀማና ወንጪት በሸለቆ ቆርጠው ያስቀሩት አምባ ነው። ከአዲስ አበባ በኩል የሚላክ እርዳታ ለሚን አልፎ፣ የጀማን ቁልቁለት ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገቱን መውጣት አለበት። ውሃ የጫነ መኪና በዚያ መንገድ እንዴት እንደሚጓዝ ያየ ሰው ሳር ክዳን ያንን ያህል ጊዜ እንደማይጠብቅ ያውቃል። የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቱን ደግሞ የሚመራ ይፈለጋል።

ጭስ ከመታየቱ በፊት

መጀመሪያ ሰው ይሰይሙ። አንድ አዛዥ፣ አንድ ምክትል፤ ምክትሉ ከአዛዡ ሌላ ሰፈር የሚኖር ይሁን። አዛዡ ለገበያ ወይም ለልቅሶ ራቅ ብሎ ቢሄድ አብሮት የማይሄድ ሰው ይምረጡ። ሹመቱ በዕድሩ ስብሰባ፣ በአባላቱ ፊት ይነገር። በእሳቱ ቀን ራሱን የሾመ ሰው አይሰማም፤ «አንተ ማነህ?» ብሎ የሚጠይቀው አይጠፋም።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎረቤታችን መንዝ የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያቆየው በዚሁ መንገድ ነው። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሕዝቡ አባ ቄራውን ይመርጥ ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ አቅም ያለው ወንድ በየተራው ይጠብቅ፣ ሕግ የጣሰም ይቀጣ ነበር። ሥርዓቱ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ቆይቷል። አባ ቄራው ሲያዝ ሰው የሚታዘዘው ድምፁ ስለጎላ አልነበረም። ማን እንደመረጠው፣ ምን ማዘዝ እንደሚችል፣ እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከፍል ከእረኛ እስከ ባላባት ሁሉም አስቀድሞ ያውቅ ነበር። የእርስዎ ዕድርም ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጥሩንባ ነፊ አለው። የጎደለው አንድ መስመር ነው፦ «እሳት ሲነሳ የሚያዘው እገሌ ነው።» በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ያስገቡት።

ጥሩንባው ራሱ መለየት አለበት። የሞት ጥሪ ሲሰማ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ በእርጋታ ይመጣል። ለእሳት የተለየ አነፋፍ ይስማሙና ባዶ እጅ የሚመጣ እንዳይኖር ለየቤቱ ዕቃ ይደልድሉ፦ ይህ ቤት መሰላል፣ ያኛው አካፋና ዶማ፣ እነዚያ ጆንያና ባልዲ፣ አናጢው መጥረቢያና መጋዝ። ከዚያ ቀን መርጠው ሰፈሩን በእግር ይዙሩ። ሮቶ ያለው ማነው? ግንባታ ላይ ያለ የውሃ ቦቴ የት ያድራል? የቧንቧው መዝጊያ ቁልፍ በማን እጅ ነው? በየትኛው ቤት የአልጋ ቁራኛ ሽማግሌ አለ? ነዳጅ በጄሪካን የሚቸረችረውስ የትኛው ሱቅ ነው? ይህን የመጨረሻውን ማንም ጮክ ብሎ አይነግርዎትም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። የፖሊስን፣ የመብራት ኃይልን፣ የእናት ሆስፒታልን ስልክ በወረቀት ጽፈው በዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ሰው ከፊልምና ከሬዲዮ የሚያውቀው 939 የአዲስ አበባ ቁጥር ነው፤ የእርስዎ ከተማ የሚያነሣውን ስልክ አስቀድመው ደውለው ያረጋግጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከዝግጅቱ ሁሉ የሚበልጠው ግን መተዋወቅ ነው። በ1941 ዓ.ም. ክረምት በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ማን ገልች በተባለ ገደላማ ሸለቆ የደን እሳት ለማጥፋት 15 ሰዎች በፓራሹት ወረዱ፤ አንድ የደን ጠባቂ ከመሬት ተቀላቀላቸው። አለቃቸው ዋግነር ዶጅ ልምድ ያለው ሰው ነበር፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ግን አብረውት ሠርተው አያውቁም። እሳቱ ሸለቆውን ተሻግሮ ከታች በኩል መጣና ሽቅብ ያሳድዳቸው ጀመር። ዶጅ ማምለጥ እንደማይቻል ሲያይ ክብሪት ጭሮ ከፊቱ ያለውን ሣር አቃጠለ፤ ቀድሞ የተቃጠለ መሬት ዳግም አይቃጠልምና አመዱ ውስጥ እንዲተኙ ጠራቸው። እነሱ ያዩት አለቃቸው አብዶ በእሳት ላይ እሳት ሲጨምር ነው። አልፈውት ሮጡ። 13 ሰዎች ሞቱ። ሁለት ወጣቶች በድንጋይ ስንጥቅ ሾልከው ተረፉ፤ ዶጅ ከአመዱ ውስጥ ልብሱን አራግፎ ተነሣ።

ትእዛዙ ትክክል ነበር። ያልነበረው አመኔታ ነው፤ አመኔታ ደግሞ በነበልባል ፊት አይገነባም። ስለዚህ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከመኸር በኋላ ክምር በየአውድማው በሚቆምበት ወራት፣ ሰውዎን ሰብስበው ይለማመዱ። ልምምዱ ሰልፍና ንግግር እንዳይሆን፤ ለንግግር ሰው ሲጠራ ስንቱ እንደሚመጣ እናውቀዋለን። የማኅበሩን አሮጌ ማድ ቤት «ተቃጠለ» ብለው ውሃ በሰንሰለት ያሳልፉበት፤ ከዚያ ቡና ይጠጡ። ማን ቶሎ እንደሚደነግጥ፣ ማን ትእዛዝ ሰምቶ እንደሚደግም፣ ማን ለጉራ ጣሪያ ላይ እንደሚወጣ የሚታወቀው በዚያን ቀን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች

ደርሰዋል። ጭሱ ከቆርቆሮው ሥር ይተነፍሳል፣ ሴቶች ይጮኻሉ፣ አንዱ ባልዲ ወደ እጅዎ ይዘረጋል። አይቀበሉት። የሙያው ሰዎች ቀድሞ የደረሰ አለቃ ቤቱን ዙሪያውን አንድ ጊዜ እንዲዞር ያስተምራሉ። ይዙሩ። በር ላይ የሚታየው እሳት የእሳቱ ፊት ብቻ ነው፤ ጀርባው ወደ ጎረቤት ማድ ቤት ዘልቆ ሊሆን ይችላል።

ሲዞሩ ሦስት ነገር ይለዩ። ውስጥ ሰው አለ? ይህን ከሕዝቡ አይጠይቁ፤ የቤቱን ባለቤት ወይም እዚያ ቤት ያደረ ሰው ፈልገው «ስንት ነበራችሁ? የታሉ?» ይበሉት፤ የወጡትንም በዓይንዎ ይዩ። እሳቱ ወዴት ሊሄድ ነው? ንፋሱን በጭሱ ይለኩ። የሚፈነዳ ወይም የሚገድል ምን አለ? የጋዝ ሲሊንደር፣ ቤንዚን፣ የተበጠሰ የመብራት ሽቦ። መብራቱ ከቆጣሪው ሳይጠፋ ውሃ እንዳይረጭ፤ ሽቦ መሬት ከወደቀ ሰው አሥር ሜትር ይራቅ። ነዳጅና የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ ከተደፋበት እሳቱ ይረጫል፤ አፈር፣ አሸዋ፣ እርጥብ ጆንያ ነው የሚያፍነው።

የማዳበሪያ ኮርኒስ ያለው ቤት ለብቻው መታየት አለበት። እሳቱ ኮርኒሱን ተከትሎ ከራስ በላይ ይሮጣል፤ ወለሉ ገና ደህና መስሎ ጣሪያው ሥር ያለው ጭስ ግን ሊነድ ደርሷል። ከበሩ ላይ ቆሞ «ገብቼ ሣጥኑን ላምጣ» የሚለው ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። በርም እንደተገኘ አይከፈት፤ ለማትረፍ የሚገባ ሰው ከሌለ የተዘጋ በር አየር ስለሚከለክል ጊዜ ይሰጥዎታል።

አሁን ቦታ ይያዙ። ንፋሱ ከኋላዎ የሚመጣበት፣ ሁለቱን የቤቱን ጎን የሚያዩበት፣ ሰው ፈልጎ የማያጣዎት አንድ ቦታ። በቅርብ ካለ የአጥር ድንጋይ ላይ ይውጡ። ከዚያ አይነቃነቁ።

ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ የሚከብደውም ስለሚያሳፍር ነው። በእኛ አገር የሰው ቤት እየነደደ ቆሞ የሚያይ ሰው ክፉ ነው፣ ፈሪ ነው፣ አለዚያም ኩሩ ነው። ነገ በቡና ላይ «እኛ ስንቃጠል እሱ እጁን አጣምሮ ያያል» መባሉ አይቀርም። ብዙ የዕድር ዳኛ ይህን ወሬ ፈርቶ ባልዲ ያነሣል፤ ባልዲ ያነሣ ዕለት አንድ ውሃ ቀጂ ተጨመረ፣ አንድ አዛዥ ጠፋ። ሁለት ባልዲ ከደፋ በኋላ ዓይኑ ከፊቱ ካለው ነበልባል አይወጣም፤ ከጓሮ በኩል የጎረቤቱ ሳር ክዳን መጤስ መጀመሩን የሚያየው ሰው የለም። መድኃኒቱ ወሬው ከመምጣቱ በፊት መናገር ነው። በዕድሩ ስብሰባ ላይ «እኔ ያን ቀን ውሃ አልቀዳም፤ ቆሜ አያለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ አዛለሁ። ቆሜ ካላያችሁኝ ያኔ ውቀሱኝ» ይበሏቸው።

ሰውን ማከፋፈል

አንድ ሰው በጭንቅ ጊዜ በደንብ የሚመራው አምስት ሰው ገደማ ነው፤ የዓለም የእሳት አደጋ አገልግሎቶች ከሦስት እስከ ሰባት ይላሉ። ሃምሳ ሰው ከመጣ ሃምሳውን አያዙ። አምስትና ስድስት ሰው ይምረጡ፤ ለእያንዳንዳቸው ሥራና ሰው ይስጡ፤ ከዚያ በኋላ የሚያናግሩት እነሱን ብቻ ነው።

«ውሃ አምጡ!» ትእዛዝ አይደለም፤ ጩኸት ነው፤ ለማንም ያልተነገረ ነገር ማንም አይሠራውም። ትእዛዝ ስም፣ ቦታ፣ ሥራና መመለሻ አለው። እንዲህ ነው፦ «ጋሼ ተሰማ፣ አራት ጎረምሳ ይዘው በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይሂዱ። በዚህና በእነ እትዬ አስካለ ቤት መካከል ያለውን አጥርና ማድ ቤት ያፍርሱልኝ። ሲጨርሱ እዚህ መጥተው ይንገሩኝ። ምን አልኩ?» የመጨረሻይቱን ጥያቄ አይዝለሏት። ሰውዬው መልሶ ሲናገረው ግማሹን ሳይሰማ እንደነበር ያገኙታል። ለታላቅ ሰው «ምን አልኩ?» ማለት ድፍረት ከመሰለዎት «እንዴት ሊያደርጉት አሰቡ?» ይበሉ፤ ያው ነው።

የውሃው ቡድን ሁለት ሰልፍ ይሥራ፤ በአንዱ ሙሉው ይምጣ፣ በሌላው ባዶው ይመለስ። ባዶውን ልጆችና አቅመ ደካሞች ይመልሱ፤ ለልጆቹም ከእሳቱ ርቀው የሚሠሩት ሥራ ይሆንላቸዋል። ሌላው ቡድን የጎረቤት ጣሪያ ላይ እርጥብ ጆንያና ቅጠል ይዞ ፍንጣሪ ይጠብቅ። አንድ ሰው መንገዱን ብቻ ይያዝ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የአዲስ አበባን የእሳት አደጋ መኪኖች ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ የመንገዱ መጥበብና መጨናነቅ ነበር። መንገድ በሰውና በወጣ ዕቃ ከተዘጋ የመጣ እርዳታ እንዳልመጣ ይቆጠራል። የወጣ ዕቃ የሚከመርበትን ሜዳ እርስዎ ያሳዩ፤ ጠባቂም ያቁሙበት፤ ሌባ በእንዲህ ያለ ሌሊት አይተኛም።

የሚነድ ቤት መተው

ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ ሰው፣ ከዚያ እሳቱ እንዳይስፋፋ ማድረግ፣ ከዚያ ንብረት። በወረቀት ላይ ማንም አይከራከርም። ችግሩ የሚመጣው ባለቤቱ እግርዎ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ነው። ጣሪያው ተይዟል፣ ባህር ዛፍ ማገሩ ይንጣጣል፣ ውስጥ የቀረ ሰው የለም፤ ውሃው ሁሉ ግን እዚያ ላይ ይደፋል፣ ምክንያቱም ዓይን የሚስበው የሚነደው ቤት ነው። ገና ያልነደዱት ሦስት ቤቶች ውሃ ያልደረሳቸው ሆነው ይቆያሉ።

ያኔ የሚያዙት ትእዛዝ «ይህን ተዉት፤ ውሃውን ወደዚያ አዙሩ» የሚል ነው። ባለቤቱን ራስዎ አያባብሉት፤ የሚያከብረውን ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባቱን ጠርተው ወደ ጎን ይዞት እንዲቀመጥ ያድርጉ። እርስዎ ከድንጋይዎ ላይ አይውረዱ። የሰው ነፍስ ካለ ብዙ አደጋ መቀበል ይገባል፤ የጤፍ ጎተራ ካለ ጥቂት፤ ቀድሞ ለጠፋ ነገር ምንም። ይህን ሚዛን በልምምዱ ቀን ጮክ ብለው ካልተናገሩት በእሳቱ ቀን የሚሰማዎት የለም።

ገደል ለገደል የሚሄድ እሳት

በጀማና በወንጪት አፋፍ ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ሲያዝ ደንቡ ይለወጣል። እሳት ዳገት ይወዳል፤ ዳገቱ አሥር ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ቀን ፀሐይ ስትሞቅ ነፋሱ ከሸለቆው ወደ አምባው ይወጣል፣ ማታ ይገለበጣል። ስለዚህ ሰውዎን ከእሳት በላይ ዳገት ላይ አያሰልፉ። ከጎኑና ከኋላው፣ ከተቃጠለው መሬት ተነሥተው ይምቱት።

ፖል ግሊሰን የተባለ አሜሪካዊ የደን እሳት አለቃ በ1983 ዓ.ም. ይህን ሥራ በአራት ነገር አሰረው። አንድ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ እሳቱን ብቻ ያያል፤ እሱና ሠራተኞቹ የሚስማሙበት የድምፅ ወይም የፉጨት ምልክት አለ፤ ሁሉም የሚያውቁት መውጫ መንገድ አለ፤ መውጫው የሚያደርስበት እሳት የማይገባበት ቦታ አለ፤ የታረሰ ማሳ፣ ድንጋያማ ሜዳ፣ የተቃጠለ መሬት። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሰው አያስገቡ። የሰፈሩ እረኞች ስለ መውጫው ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ይጠይቋቸው፤ ልጅ ናቸው ብለው አያሳልፏቸው።

የክምር እሳት ከሆነ የነደደውን ክምር ይርሱት፤ ሰዉን በሚቀጥለው ክምር ዙሪያ አሰልፈው መካከሉን ይጥረጉ፣ ይቆፍሩ። አውድማ ሲጣል ከክምር ክምር ሰፋ ያለ ክፍተት እንዲተው ማሳመን ግን የኅዳር ሥራ ነው፤ እሳት ሲነሳ አይሠራም።

እንግዳ ሲመጣ፣ እሳቱ ሲጠፋ

በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በእጁ ሲታገል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች መጡ። እርዳታ ቢያስደስትም መምጫው ሰዓት አደገኛ ነው፤ ሁለት አዛዥ ይሆናል። የሠለጠነ ኃይል ሲደርስ ወደ አለቃው ሄደው ይንገሩት፦ ምን ነደደ፣ ሰዎቼ የት የት አሉ፣ ማን ጠፍቷል፣ ውሃ የት አለ። ከዚያ «ከአሁን በኋላ የሚያዙት እርስዎ ነዎት» ብለው ለራስዎ ሰዎችም ጮክ ብለው ያሳውቁ። እንግዳው ገደሉን አያውቀውምና ከአጠገቡ አይራቁ።

ቆጠራ በየሃያ ደቂቃው ነው። የቡድን መሪዎቹን «ስንት ናችሁ?» ይበሉ፤ «ሁላችንም አለን» የሚል መልስ አይቀበሉ፤ ቁጥር ይጠይቁ። ቁጥሩ ካልገጠመ ሥራው ሁሉ ይቁም።

የተቃጠለ ሰው ካለ ቁስሉ ላይ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለሃያ ደቂቃ ይፍሰስበት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ አይነካው። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ እናት ሆስፒታል ይላኩት። ጭስ የዋጠ ሰው ደህና መስሎ ቢቀመጥም አብሮ ይሂድ።

ነበልባሉ ሲሞት ሰዉ ይበተናል፤ እርስዎ አይሂዱ። ግድግዳውንና ማገሩን በእጅዎ ጀርባ፣ ሳይነኩ፣ እያስጠጉ ሙቀቱን ይፈትሹ። የጭድ ክምርና የወደቀ ሳር ክዳን ከውስጥ ረመጥ ይዞ ያድራል፤ ገልብጠው ያርሱት። ሁለት ሁለት ሰው እየተፈራረቀ እስኪነጋ ይጠብቅ፤ ተረኞቹንም በስም ይመድቡ።

በሳምንቱ ዕድሩን ይሰብስቡ። አራት ጥያቄ ነው፦ ምን ልናደርግ አስበን ነበር? ምን ሆነ? ለምን? በሚቀጥለው ምን ይለወጥ? ይሉኝታ እዚህ ይገባል። ሽማግሌ ባለበት ወጣት አይናገርም፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ባለበት ደግሞ ማንም። ስለዚህ ባለቤቱን በሌላ ቀን ለብቻው ያነጋግሩት፤ በስብሰባው ላይ ከታናሹ ይጀምሩ፣ እርስዎ መጨረሻ ይናገሩ። «ማን አጠፋ?» የሚለው ጥያቄ ከተነሣ ስብሰባው ወደ ክስ ይዞራል፤ «ውሃው ለምን ዘገየ?» ብለው ይመልሱት። የተወሰነው ሦስትና አራት መስመር ይሁን፤ ጸሐፊው በዕድሩ መዝገብ ያስፍረው።

ከዚያ የተሰበረው መሰላል ይጠገን፤ የጠፋው አካፋ ከዕድሩ ገንዘብ ይተካ። በግድግዳው ላይ ያለው የስልክ ዝርዝር ይታይ፤ የሞተ ወይም ከሰፈር የለቀቀ ሰው ስም ይሰረዝ። ምክትልዎንም ለሚቀጥለው ልምምድ አዛዥ ያድርጉት፤ እርስዎ ያን ቀን ውሃ ይቅዱ።